ጎበዙን የሚቀጣ ጥያቄ፦ የውድድር ጥያቄ ሲጻፍ ምን ይበላሻል?

አዳራሹን አስቡት። ሁለት ቡድን ተፋጧል። ነጥባቸው እኩል ነው፣ የቀረው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው። ጠያቂው አነበበ፦ "በክፍል ሙቀት ፈሳሽ የሆነው ንጥረ ነገር ማን ይባላል?" በግራ በኩል ያለው ልጅ ወዲያው ደወሉን ተጫነና "ሜርኩሪ!" አለ። ትክክል ተባለ። ጭብጨባ፣ ዋንጫ፣ ፎቶ።

በቀኝ በኩል የተቀመጠችው ልጅ ግን እጇ ደወሉ ላይ እንዳለ ደርቃ ቀርታለች። መልሱ ጠፍቷት አይደለም። ሁለት መልስ መጥቶባት ነው። ሜርኩሪ ፈሳሽ ነው፣ ብሮሚንም ፈሳሽ ነው። የቱን ፈልገው ይሆን ብላ ስታወጣ ስታወርድ ተቀደመች። ብሮሚን የሚባል ነገር ሰምቶ የማያውቀው ልጅ ዋንጫውን ወሰደ።

መጥፎ ጥያቄ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሰነፍ ተወዳዳሪ በዕድል ነጥብ ሲያገኝ ነው። እሱስ ቀላሉ ጉዳት ነው። ትልቁ ጉዳት ጎበዙ ላይ የሚደርሰው ነው። ያላወቀው ሰው የጥያቄው ጉድለት ስለማይታየው ቀጥ ብሎ ያልፋል። የሚደናቀፈው ያወቀው ነው። ይሄን ነገር ያዙልኝ፣ ከዚህ በታች የማወራው ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ላይ ይመጣል።

ጥያቄ መጻፍ ይሄን ያህል ምን ያስቸግራል?

ሲያዩት ምንም የለውም። ከመጽሐፍ አንድ እውነት ትመዛላችሁ፣ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ትሰኩበታላችሁ፣ አለቀ። ችግሩ እውነት ሲገለበጥ ሁልጊዜ እውነት ሆኖ አይቀጥልም። "ዶሮ ሁለት እግር አላት" ብትሉ ማንም አይከራከራችሁም። "ሁለት እግር ያለው ማን ነው?" ብላችሁ ጠይቃችሁ መልሱ ዶሮ ነው ካላችሁ ግን ሰጎንም፣ እርግብም፣ እናንተም ራሳችሁ ቅሬታ ማስገባት ትችላላችሁ።

የሜርኩሪውም ነገር እንደዛው ነው። ከሜርኩሪ ተነስታችሁ ወደ ፈሳሽነት ስትሄዱ መንገዱ አንድ ነው። ከፈሳሽነት ተነስታችሁ ወደ ሜርኩሪ ስትመለሱ ግን መንገዱ ይከፈላል። የጥያቄ ጸሐፊ ሥራ በአብዛኛው እነዚህን መገንጠያዎች እያዩ መዝጋት ነው።

ለዚህ ነው ልምድ ያላቸው ጸሐፊዎች ከጥያቄው ሳይሆን ከመልሱ የሚጀምሩት። መጀመሪያ ተወዳዳሪዎቹ በደረጃቸው ሊያውቁት የሚገባ አንድ መልስ ይመርጣሉ። ከዚያ ወደዛ መልስ የሚያደርሱ ፍንጮችን ይሰበስባሉ። ፍንጭ ማለት ስለመልሱ እውነት የሆነ አንድ መረጃ ነው። ከጥያቄው ሥር ደግሞ ዳኛው ብቻ የሚያየው የመልስ መስመር አለ። እሱ ላይ ትክክለኛው መልስ፣ ሌላ ስም ካለው ያም ስም፣ ተወዳዳሪው ግማሽ ነገር ቢናገር ምን እንደሚባል ይጻፋል። ብዙ አዘጋጆች ይሄን መስመር በአንድ ቃል ይዘጉትና ጭቅጭቁን ለመድረክ ያተርፉታል።

ውድድሮቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም። በወረቀት ላይ ምርጫ የሚከበብባቸው አሉ። ተራ በተራ የሚጠየቅባቸው አሉ። ደወል ተጭኖ የቀደመ የሚመልስባቸውም አሉ፤ ይሄኛውን መንገድ በሰፊው ያስለመዱት በ1953 በአሜሪካ ሬዲዮ የጀመረው ኮሌጅ ቦውልና በ1962 በብሪታንያ ቴሌቪዥን የጀመረው ዩኒቨርሲቲ ቻሌንጅ ናቸው። የደወሉ ውድድር በጣም ስስ ስለሆነ ጥያቄው ላይ ያለች ትንሽ ጉድለት ወዲያው ትጋለጣለች። እኔም ብዙውን የማወራው ስለሱ ነው።

አንድ ጥያቄ አንድ መልስ ብቻ እንዳለው በምን ይታወቃል?

ቀላል ዘዴ አለ። ጥያቄውን ጻፉ፣ መልሱን በእጃችሁ ሸፍኑ፣ ከዚያ የጥያቄው ጠላት ሁኑ። ሌላ መልስ ፈልጉለት። ካገኛችሁ ጥያቄው አልተጠናቀቀም።

እስቲ ይሄን እንሞክረው፦ "የኖቤል ሽልማትን ሁለት ጊዜ ያገኘ ሳይንቲስት ማን ነው?" ጸሐፊው ጭንቅላት ውስጥ ያለችው ማሪ ኩሪ ናት፤ በ1903 በፊዚክስ፣ በ1911 በኬሚስትሪ ተሸልማለች። አሁን ጠላት እንሁን። ጆን ባርዲን በ1956 እና በ1972 የፊዚክሱን ሁለት ጊዜ ወስዷል። ፍሬድሪክ ሳንገር በ1958 እና በ1980 የኬሚስትሪውን። ባሪ ሻርፕለስም በ2001 እና በ2022 የኬሚስትሪውን። ላይነስ ፖውሊንግ በ1954 የኬሚስትሪ፣ በ1962 የሰላም። አምስት ሰው ሆኑ! ይባስ ብሎ "ያገኘ" እና "ማን ነው" የሚሉት ቃላት የወንድ ስለሆኑ፣ በትክክል ለማንበብ የሞከረ ተወዳዳሪ መጀመሪያ የሚያስወጣው ኩሪን ነው። ጸሐፊው የገዛ መልሱን በር ዘግቶበታል።

መድኃኒቱ አንድ ሐረግ ናት፦ "በሁለት የተለያዩ የሳይንስ ዘርፎች"። ይቺ ብቻ ስትገባ ባርዲን ይወጣል፣ ሁለቱም ፊዚክስ ነውና። ሳንገርና ሻርፕለስ ይወጣሉ፣ ሁለቱም ኬሚስትሪ ነውና። ፖውሊንግም ይወጣል፣ ሰላም የሳይንስ ዘርፍ አይደለምና። ጥሩ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ከመጥፎው የሚለየው እንዲህ በሦስት በአራት ቃል ነው።

"የዓለም ረጅሙ ተራራ" የምትለዋም ብዙ ሰው ሸውዳለች። ኤቨረስት ነው፣ በ2020 ይፋ በተደረገው ልኬት 8,848.86 ሜትር፤ ግን ይሄ ከባሕር ጠለል ሲለካ ነው። ሥሩ ውቅያኖስ ውስጥ የገባው የሐዋዩ ማውና ኬያ ከሥሩ እስከ ጫፉ ሲለካ ከ10,000 ሜትር ይበልጣል። ከምድር እምብርት እንለካ ካላችሁ ደግሞ የኢኳዶሩ ቺምቦራዞ ያሸንፋል፣ ምድር ወገቧ ላይ ትንሽ ስለምትወፍር። እዚህ ላይ የአማርኛ ወጥመድም አለ። ብዙዎቻችን "ከባሕር ወለል በላይ" እንላለን። ወለል ግን የታችኛው ነው፣ የላይኛው ጠለል ነው። በሌላ ጥያቄ ብዙም ለውጥ አያመጣም። እዚህኛው ላይ ግን ቃሏን እንደወረደች የወሰደ ጎበዝ ማውና ኬያ ቢል ምን ትሉታላችሁ?

ጊዜም መልስ ይቀይራል። "ብዙ ጨረቃ ያላት ፕላኔት ማን ናት?" የምትል ጥያቄ በ2023 መጀመሪያ ላይ መልሷ ጁፒተር ነበር። በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ሳተርን ሆነ። በ2025 ደግሞ ሌሎች ተጨምረው የሳተርን ጨረቃዎች ቁጥር 274 ደረሰ። የካዛክስታን ዋና ከተማ ስም በ2019 ከአስታና ወደ ኑር ሱልጣን ተቀየረ፣ በ2022 ተመልሶ አስታና ሆነ። ከድሮ የጥያቄ ስብስብ ላይ የሚቀዳ ሰው እንዲህ ዓይነት ነገር ይዞ ይመጣል። የሚለወጥ ነገር ከጠየቃችሁ "እስከ መቼ" የሚለውን አስገቡ፣ ወይም የማይለወጠውን ጠይቁ።

ስለ ጊዜ ካነሳን አይቀር፣ የዘመን አቆጣጠርም አለ። የሩሲያ የጥቅምት (የኦክቶበር) አብዮት የተካሄደው በኖቬምበር ነው ቢባል ቀልድ ይመስላል። ግን በድሮው የሩሲያ አቆጣጠር ኦክቶበር 25፣ አሁን ዓለም በሚጠቀምበት ኖቬምበር 7 ቀን 1917 ነው። በአማርኛ ስትጽፉ ደግሞ ዓ.ም. እና እ.ኤ.አ. ካልተለዩ ሰባት ስምንት ዓመት ገደል ገባ ማለት ነው። በነገራችን ላይ እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመታት በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። ቀድሜ መናገር ነበረብኝ። ውድድር ላይ ብሆን ይሄው አንድ ቅሬታ ነበር።

አንዳንዱን ጥያቄ ግን መጠገን አይቻልም፣ መጣል ነው። ረጅሙ ወንዝ ናይል ነው አማዞን የሚለው ክርክር የወንዞቹ መነሻ የት ይቆጠር ከሚለው ጀምሮ ባለሙያዎቹን ራሳቸውን ያላስማማ ነው። እነሱ ያልጨረሱትን አንድ ተማሪ በአምስት ሰከንድ ይጨርስ ማለት ግፍ ነው።

ወደ ሜርኩሪያችን እንመለስ። "ንጥረ ነገር" የሚለውን "ብረት" ብንለው ብሮሚን ይወጣል፣ ብሮሚን ብረት አይደለምና። ግን "ብረት" በአማርኛ ሁለት ነገር ነው፤ ሚስማር የሚሠራበት ብረትም ነው፣ ወርቅንና መዳብን ጨምሮ የሜታሎች ሁሉ የወል ስምም ነው። ስለዚህ የኬሚስትሪ መጻሕፍት እንደሚሉት "ብረት አስተኔ" እንበል። አለቀ? አላለቀም። ጋሊየም የሚባል ብረት አስተኔ በ29.76 ዲግሪ ይቀልጣል። ሲዚየም ደግሞ በ28.5 አካባቢ። ክፍሉ ሞቃት ከሆነ ሁለቱም ፈሳሽ ናቸው። "የክፍል ሙቀት" የማን ክፍል ነው? ስለዚህ "በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ" ብለን ቁጥሩን እንተክላለን። አሁን በሩ ተዘጋ።

መልሱ ትክክል መሆኑንስ?

ሦስት ድረ ገጽ አንድ ነገር ሲል ሦስት ምስክር ይመስላል። ሦስቱም ከአንድ ቦታ ቀድተው ከሆነ ግን ምስክሩ አንድ ነው። ያውም ሊዋሽ የሚችል።

በዚህ ላይ በጣም የምወደው ታሪክ አለ። ፍሬድ ዎርዝ የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊ የጥቃቅን መረጃዎች ስብስብ ሲያዘጋጅ፣ ሰው ቢሰርቀው እንዲያውቅ ብሎ ውስጡ አንድ የፈጠራ መረጃ ቀበረ። ኮሎምቦ የሚባለው የቴሌቪዥን መርማሪ የመጀመሪያ ስሙ "ፊሊፕ" ነው ብሎ ጻፈ። ስሙ ፊሊፕ አልነበረም። በኋላ ትሪቪያል ፐርሱት የተባለው ታዋቂ የጥያቄና መልስ ጨዋታ ገበያ ላይ ሲውል አንዱ ካርድ ላይ ያው ፊሊፕ ቁጭ ብሎ ተገኘ። እጅ ከፍንጅ! ዎርዝ በ1984 የ300 ሚሊዮን ዶላር ክስ መሠረተ። ግን ተሸነፈ፤ ፍርድ ቤቱ መረጃ የማንም የግል ንብረት አይደለም አለ። ክሱን ተዉትና የጨዋታውን አዘጋጆች አስቧቸው። አንድ ጊዜ እንኳ ሌላ ቦታ ቢያመሳክሩ ኖሮ ፊሊፕን የትም አያገኙትም ነበር። ስለዚህ ሁለተኛ ምንጭ ስትፈልጉ ከመጀመሪያው ያልቀዳ መሆኑን እዩ። የትምህርት መጽሐፍና ጉዳዩን የሚመራው ተቋም ራሱ፣ ለምሳሌ ስለ ኖቤል ከሆነ የኖቤል ድርጅት፣ ጥሩ ጥንድ ናቸው።

ሁሉም ያውቀዋል የተባለ ነገርም ይፈተሽ። "አንስታይን በአንጻራዊነት ንድፈ ሐሳቡ የኖቤል ሽልማት ያገኘው የየትኛው ዓመት ነው?" ቢባል አብዛኛው ሰው ዓመቱን ለማስታወስ ይታገላል። ጎበዙ ግን ይቆማል። የአንስታይን የ1921 ሽልማት ስሙ የተጠራው ለፎቶኤሌክትሪክ ሥራው ነው፣ ለአንጻራዊነት አይደለም። 1921 ይበል ወይስ ጥያቄው ራሱ ስህተት ነው ይበል? አያችሁ፣ ተመልሰን ጎበዙን ቀጣነው።

ስሌት ያለበት ጥያቄ ደግሞ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ጸሐፊው ራሱ ሊሳሳት ይችላል። በ1982 የአሜሪካ ተማሪዎች ለኮሌጅ የሚፈተኑት ኤስኤቲ ላይ አንድ የክብ ጥያቄ ወጣ። የትንሹ ክብ ራዲየስ የትልቁ አንድ ሦስተኛ ነው። ትንሹ በትልቁ ዙሪያ እየተንከባለለ ወደተነሳበት ቦታ እስኪመለስ ስንት ጊዜ ይሽከረከራል? አዘጋጆቹ 3 ነው አሉ፤ የትልቁ ዙሪያ የትንሹን ሦስት ጊዜ ስለሚሆን። ትክክለኛው ግን 4 ነው። 4 ደግሞ ከምርጫዎቹ ውስጥ አልነበረም! ወደ 300,000 ከሚጠጉ ተፈታኞች መካከል ስህተቱን ጽፈው ያሳወቁት ሦስት ተማሪዎች ብቻ ነበሩ። ጥያቄው ተሰርዞ ውጤት እንደገና ተሠራ።

አታምኑም? ሁለት እኩል ሳንቲም አውጡ። አንዱን ጠረጴዛ ላይ በጣታችሁ ያዙት፣ ሌላውን ጠርዙን አስነክታችሁ በዙሪያው አንከባልሉት። ዙሪያቸው እኩል ስለሆነ አንዴ የሚሽከረከር ይመስላል። የሳንቲሙን ምስል እያያችሁ ብትቆጥሩ ግን ግማሽ መንገድ ላይ ስትደርሱ ምስሉ አንዴ ተዟዙሮ ቀጥ ብሏል። ሲጨርስ ሁለት ጊዜ ነው። በክብ ዙሪያ መሄዱ በራሱ አንድ ዙር ይጨምራል። ኤስኤቲ ፈተና እንጂ የደወል ውድድር አይደለም፣ ትምህርቱ ግን ያው ነው። ሁለት ሳንቲምና አንድ ደቂቃ ያድኑት ነበር።

ከባድ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው?

አይደለም። አንስታይን ስንት ቁጥር ጫማ ያደርግ ነበር የሚለው በጣም ከባድ ነው፣ ማንም አይመልሰውም። ምን ይለካል? ምንም። ጥያቄ ጥሩ የሚሆነው ብዙ የሚያውቀውን ትንሽ ከሚያውቀው ሲለይ ነው። ሁሉም የሚመልሰው ጥያቄ አይለይም፣ ማንም የማይመልሰውም አይለይም። ሁለቱም ጊዜ ማባከን ነው።

በደወል ውድድር ላይ ይሄን የሚፈታ አንድ ብልሃት አለ። ጥያቄው ረጅም ይሆንና ፍንጮቹ ከከባዱ ወደ ቀላሉ ይደረደራሉ። ስሙ የፒራሚድ ጥያቄ ነው። ጫፉ ጠባብ፣ መሠረቱ ሰፊ። በወንፊት አስቡት፤ መጀመሪያ ቀዳዳው ጠባብ የሆነው፣ እየቆየ ሰፋ ያለው። የመጀመሪያው ፍንጭ ጉዳዩን በጥልቀት ያነበበ ብቻ የሚያውቀው ነው። መሐል ላይ ያለውን ደህና ተማሪ ያውቀዋል። የመጨረሻውን ሁሉም። ማንም ሰው በመሐል ደወሉን መጫን ይችላል። በአሜሪካ በተለመደው አቆጣጠር መልስ 10 ነጥብ ነው፣ ቶሎ ለመለሰ 15 የሚሰጥም አለ፣ አቋርጦ ለተሳሳተ ደግሞ 5 ይቀነሳል። እንዲህ ሲሆን መቅደም የጣት ፍጥነት ሳይሆን የእውቀት ጉዳይ ይሆናል። ፍንጮቹን ገልብጣችሁ ቀላሉን ከፊት ካደረጋችሁት ግን አዳራሹ ሙሉ አንዴ ይጫናል። ያሸነፈው ጣቱ የቀለጠፈው ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ቅድመ ሁኔታ አንድ ነው፦ እያንዳንዱ ፍንጭ ብቻውን ሲሰማ ወደ አንድ መልስ የሚያመለክት መሆን አለበት። የመጀመሪያው ፍንጭ ለሁለት ነገር እውነት ከሆነ፣ ቀድሞ የተጫነው ጎበዝ ትክክለኛ ነገር ተናግሮ 5 ነጥብ ይቀነስበታል።

ቡድን ተመካክሮ የሚመልሳቸው ባለ ሦስት ክፍል ጥያቄዎችም አሉ። እነሱ ላይ ብዙ አዘጋጆች የሚያልሙት አንዱን ከአሥር ቡድን ዘጠኙ፣ ሁለተኛውን ግማሹ፣ ሦስተኛውን አንዱ ብቻ እንዲመልስ ነው። ለአንዱ ቡድን ሦስት ቀላል፣ ለሌላው ሦስት ከባድ ደርሶት ከሆነ ያ ውድድር ሳይሆን ሎተሪ ነው።

በአማርኛ ሲጻፍ ለየት የሚል ነገር አለ?

አለ፣ ብዙም ሲወራበት አይሰማም።

አንደኛው ግሥ መጨረሻ ላይ መምጣቱ ነው። አማርኛ የሚጠየቀውን ነገር እስከ መጨረሻው ደብቆ ያቆያል። "ቶሪቼሊ የአየርን ግፊት ለማሳየት በመስታወት ቱቦ ውስጥ የሞላው..." ብሎ ጠያቂው እያነበበ ነው። የሚጠየቀው ፈሳሹ ነው? መሣሪያው ነው? ዓመቱ ነው? ተወዳዳሪው ነገሩን ሁሉ እያወቀ የመሣሪያውን ስም "ባሮሜትር" ብሎ ሊወድቅ ይችላል። ስለዚህ ከፊት "ይህ ንጥረ ነገር" ብላችሁ ጀምሩና በየፍንጩ ደጋግሙት። ማሰልቸቱ አይጨንቃችሁ፤ ድርሰት አይደለም። የዚሁ ዘመድ የሆነ ሸወዳም አለ፦ "የዓለም ረጅሙ ተራራ ኤቨረስት ነው፣ ሁለተኛውስ?" ጠያቂው "የዓለም ረጅሙ ተራራ" ሲል የተጫነ ልጅ አለቀለት። ይሄ እውቀትን ሳይሆን ትዕግሥትን ነው የሚለካው። እኔ በበኩሌ ነውር ነው ባይ ነኝ።

ሁለተኛው ጾታ ነው። እንግሊዝኛ ላይ "ሳይንቲስት" ሲባል ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። አማርኛ ላይ ግሡ ወዲያው ያሳብቃል። "ይህች ሳይንቲስት..." ብላችሁ ከጀመራችሁ፣ ጥያቄው ስለ ኖቤል ከሆነ ግማሹ አዳራሽ ሳይሰማ ማሪ ኩሪ ሊል ነው። ግን አማርኛ ራሱ መውጫ አለው፣ አንቱታ! "እኚህ ሳይንቲስት በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ራጅ የሚያነሱ ተሽከርካሪዎችን አደራጁ" ካላችሁ ወንድም ሴትም ሊሆኑ ይችላሉ። አክብሮቱም ምስጢሩም በአንድ ቃል። እንዲህ ዓይነት ስጦታ ያለው ቋንቋ ይዞ አለመጠቀም ያሳዝናል።

ሦስተኛው ማጥበቅና ማላላት ነው። ፊደላችን አያሳየውም። "ይህ እንስሳ ይበላል" የሚለውን ጠያቂው አላልቶ ካነበበው እንስሳው በላተኛ ነው፣ አጥብቆ ካነበበው ተበዪ ነው። ጸሐፊው በልቡ ያነበበው አንድ ነው፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ግን ሁለት። እንዲህ ያለ ቃል ካለ ቀይሩት፣ ወይም ለጠያቂው ከጎኑ "ይጥበቅ" ብላችሁ ጻፉለት።

የባዕድ ስሞችን አጻጻፍ ብዙ አላወራበትም። ኒውተንም ይባል ኒዩተን፣ ፓይታጎረስም ይባል ፒታጎራስ፣ ሰውዬው እስከታወቀ ድረስ ይቀበሉት። የነገር ስም ግን የመልስ መስመሩ ላይ ይግባ። ሜርኩሪ በአማርኛ ባዝቃ ነው። አንዱ ተወዳዳሪ "ባዝቃ" ቢልና ዳኛው ወረቀቱ ላይ ያለውን "ሜርኩሪ" እያየ "ተሳስተሃል" ቢል፣ ልጁ አማርኛ በማወቁ ተቀጣ ማለት ነው።

ምርጫ ያላቸው ጥያቄዎችስ?

እነሱ ላይ ዋናው ነገር ማዘናጊያዎቹ ናቸው፣ ማለትም የተሳሳቱት ምርጫዎች። አራት ምርጫ ያላቸው 20 ጥያቄዎች ዓይን ተጨፍኖ ቢከበቡ በአማካይ 5 ይገኛል። ያ የታወቀ ነው። ከዚያ በላይ የሚገኘው ግን ከጸሐፊው ስንፍና ነው።

ይሄን እዩት፦ "በ1898 ከባለቤቷ ጋር ሆና ፖሎኒየምን ያገኘችው ሳይንቲስት ማን ናት? ሀ. ኒልስ ቦር፣ ለ. ማሪ ኩሪ፣ ሐ. ኧርነስት ራዘርፎርድ፣ መ. ማክስ ፕላንክ።" ይሄ የኬሚስትሪ ጥያቄ አይደለም፣ የሰዋስው ጥያቄ ነው። ከአራቱ ሴት አንድ ናት። ማዘናጊያዎቹን ሊዘ ማይትነር፣ ዶሮቲ ሆጅኪንና አይሬን ጆሊዮ ኩሪ አድርጓቸው። አይሬን በተለይ ግሩም ማዘናጊያ ናት፤ እሷም ኩሪ ናት፣ እሷም ከባለቤቷ ጋር ሠርታለች። ግን የተወለደችው በ1897 ነው። በ1898 ገና ሕፃን ነበረች። ዓመቱን ያስተዋለ ይለያታል።

ከዚህ ሌላ፣ ትክክለኛው ምርጫ ሁልጊዜ ረጅሙ እንዳይሆን። ጸሐፊ ሳያውቀው መልሱ ላይ ማብራሪያ ያበዛል፣ ተማሪ ደግሞ በዚህ ነቅቷል። "ሁሉም መልስ ናቸው" የሚለውን ባትጠቀሙት ይሻላል፣ ሁለቱ ትክክል መሆናቸውን ያወቀ ሦስተኛውን ማወቅ አያስፈልገውም። "ያልሆነው የቱ ነው" ካላችሁም "ያልሆነው" የሚለውን አድምቁት። አለማየት አለማወቅ አይደለም።

ጥያቄው ተጽፎ ካለቀ በኋላስ?

ጮክ ብላችሁ አንብቡት። ለዓይን የሚጥም ዓረፍተ ነገር ለጆሮ አንዳንዴ ቋጠሮ ነው። ከዚያ ላላየው ሰው አንብቡለት፣ በደንብ ለሚያውቅ ሰው ቢሆን ይመረጣል። ሲመልስ ሳይሆን ሲያመነታ እዩት። ያመነታባት ቦታ ላይ ነው ችግሩ ያለው። ጸሐፊ የራሱን ጥያቄ ቀዳዳ አያይም፣ መልሱን ያውቀዋላ።

ጥያቄዎቹን መቆለፍም የፍትሕ አካል ነው። በ2013 የሐርቫርድ ቡድን አራት የጥያቄና መልስ ዋንጫዎች ተሰርዘውበታል። የቡድኑ አባል የነበረ ሰው ለጥያቄ አዘጋጁ ድርጅት ይጽፍ ስለነበር፣ ገና ያልተጠየቁ ጥያቄዎች ጅምር የሚታይበትን ገጽ ከፍቶ ተገኘ። እንደተጠቀመበት የሚያሳይ ማስረጃ አልቀረበም፣ ግን ማየቱ በቂ ሆነ። የጻፈ አይወዳደር፣ የሚወዳደር አይይ።

ይሄ ሁሉ ሆኖም ስህተት ይወጣል። ስለዚህ ተጨማሪ ጥያቄዎች ያዙ፣ ቅሬታ እንዴት እንደሚቀርብም ውድድሩ ሳይጀመር ተናገሩ። ጥያቄው ሁለት መልስ ካለው ሁለቱንም ተቀበሉ፣ ማንም ሊመልሰው የማይችል ከሆነ ጣሉትና በሌላ ተኩት። የሚያስቸግረው አዘጋጁ "ወረቀቱ ላይ ያለው ይሄ ነው" ብሎ ድርቅ ሲል ነው።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ስንጎትታት የመጣነው የሜርኩሪዋ ጥያቄ ተጠግና ብትቀርብ ይሄን ትመስላለች፦

"ይህ ንጥረ ነገር ወደ 4.2 ኬልቪን ሲቀዘቅዝ የኤሌክትሪክ ፍሰትን መቃወሙን ድንገት እንደሚያቆም ሄይከ ካመርሊንግ ኦነስ በ1911 ደረሰበት። የዚህ ንጥረ ነገር ውህድ በ1956 በይፋ የታወቀው የጃፓኗ የሚናማታ ከተማ በሽታ መንስኤ ነው። ቶሪቼሊ የአየርን ግፊት ለማሳየት የመስታወት ቱቦውን የሞላው በዚህ ንጥረ ነገር ነው። የአቶም ቁጥሩ 80 የሆነው፣ በ25 ዲግሪ ሴልሺየስ ፈሳሽ ሆኖ የሚገኘው ይህ ብረት አስተኔ ምን ይባላል?"

መልስ፦ ባዝቃ። "ሜርኩሪ" ይቀበሉ። "ሜቲል ሜርኩሪ" (የሚናማታውን ውህድ) ላለ ተወዳዳሪ "ንጥረ ነገሩን ብቻ" ብለው አንድ ዕድል ይስጡ። "ባሮሜትር" አይቀበሉ፣ የተጠየቀው ንጥረ ነገር ነው። "ብሮሚን" አይቀበሉ፣ ብረት አስተኔ አይደለም።